ሦስተኛው ሽማግሌ

ሙሄ ሦስተኛውን ሽማግሌ አልላከም። ዙልፋ ይህችን ነገር ሃያ ሦስት ዓመት በሆዷ ይዛ ኖረች።

በይፋት ቆላ ሴት ልጅ ስትጠየቅ የመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፤ ደንብ ነው። ሁለተኛዎቹም «እስቲ ዘመድ እናማክር» ተብለው ይሸኛሉ፤ ይኸም ደንብ ነው። ቁርጡ የሚነገረው በሦስተኛው ነው። ቶሎ እሺ ያለ አባት ልጁን እንደ ተረፈ ሸቀጥ አራገፋት ይባላል። ሁለቴ ልኮ የተወ ወንድ ደግሞ ድሮም አልፈለጋትም ይባላል። ይህን የማያውቅ ሰው በአሊዩ አምባ የለም። ሙሄም ያውቃል። ሁለቴ ላከ፤ ሁለቴ ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ።

ዙልፋ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሁለት ወር ጠበቀች። ከአባቷ ደጅ ሆና ወደ ሸማኔዎቹ ሰፈር የሚያወርደውን መንገድ ስታይ፣ መንደሩ ደግሞ እሷን ያይ ነበር። አንድ ቀን ውሃ ስትቀዳ አንዷ ለሌላዋ፣ «ሸማኔው እንኳ ተዋት» ስትል ሰማች። ስድብ ይረሳል። ያቺ «እንኳ» ግን አልተረሳችም።

ሙሄ ሸማኔ ነው፤ የሷ አባት ግመል ጭኖ የሚነግድ ሰው ነበር። ታላቅ ወንድሟ አደም፣ «እግሩን ጉድጓድ ከትቶ ለሚውል ሰው የምሰጠው እህት የለኝም» ይል ነበር። ሸማኔ ሲሠራ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ነውና። ዙልፋ ግን አላፊ መስላ በዚያ ጉድጓድ አጠገብ ስታልፍ ማጉን የሚያመላልሰው መወርወሪያ ለአፍታ ቀጥ ይላል፤ ካለፈች በኋላ ነው እንደገና የሚሰማው። በመካከላቸው የነበረው ይኸው ነው። የቀረውን ሽማግሌ ያመጣዋል ብላ ነበር።

በሦስተኛው ወር አባቷ ለሸዋ ሮቢት ባለ መኪና ዳራት።

ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደግም አልነበረም። ልጅ አልወለዱም። ከስድስት ዓመት በፊት ሲሞት ከከተማው ሆስፒታል የጀርባ አጥር ጋር የተያያዘ ስምንት ክፍል አልጋ ቤት ተወላት። ቤቱ የተሠራው በደሴ መንገድ ለሚመላለሱ ሹፌሮች ነበር። ሹፌሮቹ ሲመጡ ይጮሃሉ፣ ሲሄዱ ይጮሃሉ። ከአጥሩ ሥር ደግሞ ልጆቻቸው ሆስፒታል የተኙ ሰዎች ካርቶን አንጥፈው ያድራሉ፤ እነሱ አይጮሁም።

አንድ ቀን ራሳ ከሚባል መንደር የመጣች አንዲት እናት የቀሚስ ማጠቢያ ውሃ ለመነቻት። ሌላ ቀሚስ አልነበራትም፤ ያው ቀሚስ እስኪደርቅ በዙልፋ አንሶላ ተጠቅልላ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ተቀምጣም እንቅልፍ ወሰዳት። ዙልፋ ልትቀሰቅሳት እጇን ዘረጋች፤ ተወችው። የአስታማሚ ካርዷን ከጉልበቷ ላይ አነሣችና ሆስፒታል ገብታ ሕፃኑ አጠገብ ተቀመጠች። ሴትየዋ እስከ አሥር ሰዓት ተኛች። በማግሥቱ ዙልፋ ሹፌሮቹን ሌላ ቦታ ፈልጉ አለቻቸው።

«ለጽድቅ ነው?» ይሏታል ሰዎች።

«ሹፌር ሰልችቶኝ ነው» ትላለች።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ የታመመ ልጅ ያላቸው ሰዎች ቤት ሆነ። ያለው ይሰጣል፤ የሌለው እህል ይለቅማል፣ ግቢ ይጠርጋል። ክርስቲያኑም እስላሙም አለ። ሥጋው የየራሱ ድስት አለው፤ ሽሮው አንድ ነው። ሆስፒታሉ ለአንድ ልጅ ከአንድ አስታማሚ በላይ አያስገባም። አዳር ደግሞ በልጆቹ ክፍል የሚፈቀደው ሴት ብቻ ነው፤ እናቶች ጡት ገልጠው የሚያድሩበት ነውና ልክ ነው። ስለዚህ የዙልፋ ቤት ሴቶች ተራ ገቡ። አንዷ የሁለት ልጅ አልጋ ትጠብቃለች፤ ሌላዋ መጥታ ትታጠባለች፣ ትበላለች፣ ጎኗን ታሳርፋለች። የተራው መዝገብ የዙልፋ ጭንቅላት ነው። እሷ ከሁለተኛ ክፍል አላለፈችም፤ ወረቀት ላይ ያለ ነገር ብዙም አታምንም።

ትርንጎ የምትባል የቀወት ገበሬ ሚስት በሃያ ሦስተኛው ዓመት ግንቦት አንድ ሰው ይዛ መጣች። የትርንጎ ልጅ አቤል በሳንባ ምች ተኝቷል፤ ባሏ ወልደማርያምና እሷ አራተኛውን ክፍል ከያዙ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል።

«እትዬ ዙልፋ፣ አንድ አባት አመጣሁልዎ። ሦስት ቀን ከአጥሩ ሥር ነው ያደረው። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጅቷ ማታ ማታ ብቻዋን ናት። እሷ ስታለቅስ የኔም ይነሣል፣ የሁሉም ይነሣል።»

ዙልፋ ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ይግባ። ሰባተኛው ክፍል ባዶ ነው። ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሰባት» አለ ሰውየው።

በድምፁ አይደለም ያወቀችው፤ ድምፅ ያረጃል። ወደ በሩ ስታይ የጠቋሚ ጣቱ ጎን ላይ ክር የቆረጠውን ሰርጓዳ አየች። ከዚያ ፊቱን። ሽበት ገብቶበታል፣ ከስቷል። እሱም አያት።

«ቤቱ የማን እንደሆነ አልነገሩኝም» አለ።

«ብታውቅ አትመጣም ነበር?»

«ባውቅ ልጄን ይዤ ሌላ ቦታ እሄድ ነበር።»

«ሌላ ቦታ የለም» አለች ዙልፋ፤ እውነቷን ነው። ሰፌዱን አንሥታ ገባች። ምስሩን እንደገና ከመጀመሪያው ለቀመችው፤ የቱ የተለቀመ፣ የቱ ያልተለቀመ እንደሆነ ጠፍቶባት ነበር።

ልጅቷ ናጅዋ ትባላለች። የግራ እግሯ አጥንት መግል ይዞ ተከፍቶ ታጥቧል። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሳይቋረጥ መርፌ መውሰድ አለባት። ሐኪሙ በመሐል ከተቋረጠ እግሯን፣ ባስ ሲልም ሕይወቷን ልታጣ እንደምትችል ለአባቷ ነግሮታል። ዙልፋ የመጀመሪያውን ተራ ለማንም አልሰጠችም፤ ራሷ ገባች።

«አንቺ ማነሽ?» አለቻት ናጅዋ።

«የቤቱ ባለቤት።»

«የየትኛው ቤት?»

«አባትሽ የሚያርፍበት።»

ናጅዋ አሰበችበት። «አንኮራፋ?»

«አልሰማሁም።»

«ቆይ ትሰሚያለሽ። አጣዬ እያለን ጎረቤት ይመጣ ነበር።»

ዙልፋ ልትስቅ ነበር፤ ዋጠችው። የልጅቷን ፀጉር በዘይት አርሳ ጎነጎነችላት። ናጅዋ ተኝታ ብዙ አወራች። አባቷ ሸማ መሥሪያውን ይዞ አጣዬ ገብቶ ነበር። አጣዬ በተቃጠለ ጊዜ ድሩም ማጉም ቤቱም ነደደ፤ እናቷ በዓመቱ ታማ ሞተች፤ ከዚያ ወደ አገሩ ተመለሱ። ይህን ሁሉ እንደ ሰው ወሬ ነው የምትናገረው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባቴ ሆስፒታል ይፈራል፤ እኔ አልፈራም።»

ዙልፋ ጉንጉኑን ጨርሳ የልጅቷን ጭንቅላት በእጇ ይዛ ቀረች። የሱ ልጅ ናት። የሷ ልትሆን ትችል ነበር። ይህን አላሰበችም ማለት አይቻልም።

ሳምንቱ ሳምንትን ወለደ። ሙሄ ሥራ ፈትቶ መብላት አቃተው። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ጉድጓድ ለመቆፈር በትርንጎ በኩል ፈቃድ ጠየቀ። «ይቆፍር፤ ጉድጓድ ብርቅ ነው?» አለች ዙልፋ። የተዋሰውን ሸማ መሥሪያ ተክሎ ለሆስፒታሉ ሕፃናት መጠቅለያ ይሠራ ጀመር። አንዱን ለአቤል ሰጠ። ወልደማርያም ጨርቁን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ አየና፣ «ይኼ እኮ ለኔም ይበዛብኛል፤ ልጁ ሲድን ሱሪ አሰፋበታለሁ» አለ።

ዙልፋ ማዕድ ቤት ሆና የመወርወሪያውን ድምፅ ትሰማለች። በግቢው ስታልፍ ታቦት እንደሚያልፍበት ሰው ዐይኗን መሬት ላይ ታደርጋለች፤ እስላም ብትሆንም ትርንጎ የመሰለቻት እንዲህ ነው። ሙሄም ቀና አይልም። ሁለቱም አለመተያየታቸውን ግቢው ሁሉ ያያል። አንድ ቀን ውሃ ልትቀዳ አጠገቡ ስትደርስ፣ «ዙልፋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ።

«ተራዬ ነው» ብላ ወጣች። ተራዋ አልነበረም። ሆስፒታሉ በር ላይ ደርሳ ነው ያወቀችው፤ ተመልሳ መግባትም አፈረች፤ በዚያ ፀሐይ አንድ ሰዓት ቆመች። ዘበኛው ጋሽ ሽፈራው ወንበሩን አወጣላት። ምን ሆነሽ አላላትም፤ ለዚያ አመሰገነችው።

ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ወንድሟ አደም ከአሊዩ አምባ መጣ። ወሬ ሰምቶ ነው የመጣው። ሰላምታውን ሳይጨርስ የኒሙን ዛፍ አየ።

«እዚህም ጉድጓድ ቆፈረ?» አለ ጮክ ብሎ። «አጂብ ነው! ሰው ከአባትሽ ደጅ ቢባረር ከባልሽ ግቢ ይገባል። በልጅ አሳቦ!»

መወርወሪያው ዝም አለ። ሙሄ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ዙልፋን አያት። ግቢዋ ከገባባት ቀን ወዲህ ቀና ብሎ አላያትም፤ አሁን አያት። አንድ ቃል ነው የሚጠብቀው።

ዙልፋ ቃሉ ምላሷ ላይ መጣ። ከኋላው ግን ያ አሮጌ ቂም መጥቶ አነቀው። ለምን ብዬ? አለች በሆዷ። እሱ ለኔ መቼ ተናገረልኝ? ዝም አለች።

አደም ምሳውን በልቶ ሄደ። ሙሄ ክሩን ጠቅልሎ ክፍሉ ገባ። 

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ትርንጎ እየሮጠች መጣች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቋል።

«እትዬ ዙልፋ! ጋሽ ሙሄ ልጅቷን ሊያስወጣት ነው! በራሴ ኃላፊነት ብሎ ሊፈርም ነው! ሲስተሯ ብትለምነው አልሰማም!»

ዙልፋ ጫማ አላደረገችም። በዚያ በሚያቃጥል አስፋልት በባዶ እግሯ ሄደች። ሙሄ ናጅዋን አዝሎ ከልጆቹ ክፍል ወጥቶ ከሆስፒታሉ በር አጠገብ ካለው የቢሮ ደረጃ ደርሷል። ወረቀቱ በእጁ ነው።

«ፈርመሃል?»

«ልፈርም ነው።»

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ሦስት ሳምንት ይቀራታል አለ።»

«እና?»

«እና ሦስት ሳምንት በሰው ግቢ ስድብ እየጠጣሁ አልቀመጥም። ልጄን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። አላህ ያውቅላታል።»

«አላህማ ያውቃል! የማታውቀው አንተ ነህ።»

«ወንድምሽ ሲናገር ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ! ምን ልበል? ሸማኔ አይደለም ልበል? ነህ! ሸማኔነትህን ማን ጠላው? ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው ልበል? አልጠበቅህም!» ድምፅዋ ከሷ ወጥቶ ሄደ፤ ሰዎች ዞሩ፤ ጋሽ ሽፈራው ከወንበሩ ተነሣ። «ሁለቴ ልከህ ተውከኝ! ሦስተኛውን አልላክህም! በአባቴ ደጅ ሁለት ወር ቆሜ አላፊ አግዳሚው መጠቋቆሚያ አደረገኝ!»

በሃያ ሦስት ዓመት አንድ ጊዜም ለማንም ተናግራው አታውቅም። ስትናገረው አጭር ነበር። እንዲያ አጭር መሆኑ ራሷን ገረማት።

ሙሄ ልጁን ከጀርባው አውርዶ ደረጃው ላይ አስቀመጣት። «ደብዳቤ ልኬልሽ የለም?» አለ።

«የምን ደብዳቤ? ደብዳቤ አልደረሰኝም።»

«ታናሽ እህቴ ናት ያመጣችልሽ። በእጅሽ ሰጠኋት ብላኛለች፤ በክር የታሰረ ወረቀት።»

«ያ ወረቀት... ያ እኮ የዐረብ ጽሕፈት ነው። ያ ክታብ ነው!»

«ምን ክታብ?»

«አክስቴ አየችው። ‹ይኼ መስተፋቅር ነው፤ ሸማኔው አስደግሞብሽ ነው፤ ራሱ ሳይመጣ በክታብ ሊያስርሽ ነው› አለችኝ። ወንዝ ወስጄ ጣልኩት።»

 «እኔ ከቁርኣን ቤት በቀር ትምህርት ቤት መቼ ገባሁ? የማውቀው ፊደል እሱን ብቻ ነው። አማርኛውን በዐረብ ፊደል ጻፍኩት። ለአንድ ሼህ ወስደሽ ብታስነብቢው እኮ...»

«ክታብ ማን ያስነብባል?» አለች ዙልፋ።

ሙሄ ሳቀ። ሳቁ አላማረበትም፤ መሐል ላይ ተሰበረና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ዙልፋ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። እግሯን አስፋልቱ እንዳቃጠላት ያን ጊዜ ነው የተሰማት።

«ምን ይል ነበር?»

«‹የታላቅ እህቴን ልጅ ይዤ ደብረ ብርሃን ወጥቻለሁ። እስክመለስ ታገሽኝ። በተመለስኩ ቀን ሦስተኛውን እልካለሁ› ይላል። ሌላም ይላል።»

«ሌላው ምንድን ነው?»

«ሌላው በዘበኛ ፊት አይነገርም።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ ጋሽ ሽፈራው፤ ሁሉንም ሰምቶ።

ዙልፋ ደረጃው ላይ ከናጅዋ ወዲያ ተቀመጠች። «የእህትህ ልጅ ምን ሆኖ ነበር?»

 «አጥንት» አለ ሙሄ። «እንደሷ። ሁለተኛዎቹ ሽማግሌዎች በተመለሱ በሳምንቱ ነው። እናቱ አራስ ነበረች፤ እኔ ይዤው ወጣሁ። የማርፍበት ቤት የለም፤ የማውቀው ሰው የለም። በዚያ ብርድ አንዲት የቆላ ሸማ ለብሼ ከአጥር ሥር አደርኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደም መትፋት ጀመርኩ። እኔ ከሞትኩ ልጁ ማን አለው ብዬ አስወጣሁት። ሐኪሙ ለመነኝ፤ አልሰማሁትም። ደጋውን አልፈን የቆላው ሙቀት ሲቀበለን ልጁ ሳቀ። ዳነ ብዬ ደስ አለኝ።» ጋቢውን ፊቱ ላይ አደረገ። «በወሩ ቀበርነው። እኔ ሁለት ወር ተኛሁ። ስነሣ ተድረሻል።»

 ናጅዋ አንዴ አባቷን አንዴ ዙልፋን ታያለች።

ዙልፋ ወረቀቱን ከእጁ ቀስ ብላ ወሰደችው። «አንዴ አስወጥተሃል» አለች። ቁጣው ከድምፅዋ ጠፍቷል። «ያኔ ቤት አልነበረህም። አሁን ቤት አለህ፤ የምትጠላው ሰው ቤት ቢሆንም ቤት ነው። ጣሪያ አለው፣ ሽሮ አለው፣ ልጅህ አጠገብ የሚያድር ሰው አለው። ያኔ ብርዱ ነው ያስወጣህ። ዛሬ ምን ሊያስወጣህ ነው? የአደም ምላስ?»

ሙሄ ልጁን አየ። ከጉልበቷ በታች የተጠቀለለውን ነጭ ፋሻ አየ። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት የቀበረውን ልጅና ይህችን ልጅ ጎን ለጎን አድርጎ አይቷቸው አያውቅም ነበር፤ ፈርቶ። አሁን ጎን ለጎን ተቀመጡበት።

«አባ፣ መርፌዬ ደርሷል» አለች ናጅዋ።

መልሶ አዘላትና ወደ ውስጥ ገባ። ዙልፋ ደረጃው ላይ ቀረች። ሃያ ሦስት ዓመት የያዘችው ቂም ባለቤት አልባ ሆኖ በእጇ ቀርቷል፤ የት እንደምታስቀምጠው አላወቀችም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ሌላ ዓይነት ነበሩ። ሙሄ ሲያልፍ «እንደምን አደርሽ» ይላል፤ እሷም «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ናጅዋ ግድግዳ ይዛ መቆም ጀመረች። ሐኪሙ ጥሩ ነው አለ፤ ቀን ቀን በመርፌው መካከል ግቢው ድረስ ከአባቷ ጋር እንድትወጣ ፈቀደላት። ዙልፋ ሽማግሌ ጠበቀች። ለማንም አልተናገረችም፤ ግን በየቀኑ ደጁን ትጠርጋለች፣ ደህናውን ቀሚሷን ትለብሳለች። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለት አለፈ። መርፌው ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ወልደማርያምን ጠራችው።

«አንተ ከሙሄ ጋር ታወራለህ።»

«እናወራለን። ስለ ማሽላ፣ ስለ ዝናብ።»

«ስለ ሌላስ?»

ወልደማርያም ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። «እትዬ፣ እንዳይቆጡኝ። ጠይቄዋለሁ። ‹ለምን አትልክም?› አልኩት። ‹ያኔ የምልከው ከራሴ ቤት ነበር› አለኝ። ‹አሁን በሷ ጣሪያ ሥር የተጠለልኩ ሰው ነኝ። ከተጠለልኩበት ቤት ባለቤቷን ብጠይቅ፣ አልጋ ስትሰጠው ቤቱን ከጀለ እባላለሁ። እሷም እንደዚያ ታስብ ይሆናል። ልጄን ካዳነችልኝ ሌላ ምን እጠይቃለሁ› አለኝ። እምባውም መጣ፤ ጭስ ነው አለ። ጭስ አልነበረም።»

ዙልፋ ሰማች። መጀመሪያ ተናደደች። ደግሞ ደንብ! አለች። ያኔ በደንብ ተለያየን፤ አሁንም በደንብ ልንለያይ ነው? ይህን ቤት የከፈተችው ሰው ከአጥር ሥር እንዳያድር ነበር፤ ቤቱ ራሱ ሌላ አጥር ሆኖ በመሐላቸው ቆመ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰው ጠራች። ወልደማርያምን፤ የበሩን ዘበኛ ጋሽ ሽፈራውን፤ የልጅ ልጃቸውን ሊያስታምሙ የመጡትንና ሦስተኛው ክፍል ያሉትን ሀጂ ሱፍዋንን። ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነገረቻቸው።

ሀጂ ሱፍዋን መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ሴት ሽማግሌ ትልካለች የሚል ኪታብ አላየሁም» አሉ።

«አትልክም የሚልስ አይተዋል?»

«እሱንም አላየሁም።»

«እንግዲያው ይነሡ።»

«ቆይ፣ ቆይ እስቲ።» ሀጂ ሱፍዋን ጢማቸውን ያዙ። ቀስ እያሉ ፊታቸው በራ። «እናታችን ኸዲጃ ረዲየላሁ ዐንሃ... ወደ ነቢያችን የላከችው እሷ አይደለችም እንዴ! ወላሂ እሷ ናት! ሱብሐነላህ፣ ስድሳ ዓመት አነበብኩት፣ ዛሬ ገባኝ።» ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አላቸው። «ኒካሑ ግን ወሊ፣ በአባትሽ ምትክ የሚድርሽ ወንድ ዘመድ፣ ይፈልጋል። አደም እምቢ ቢልስ?»

«አደም እሺ ይላል። ካላለም ቃዲ አለ።»

እዚያው ቆማ ለአደም ደወለችለት። «ያን ቀን ዝም ያልኩት ቃልህ ልክ ስለሆነ እንዳይመስልህ» አለችው። «ዛሬ ሽማግሌ እየላክሁ ነው። ለሙሄ። እኔ ነኝ የምልከው።»

 «ፀሐዩ መትቶሻል» አለ አደም።

«መትቶኛል» ብላ ዘጋችው።

ጋሽ ሽፈራው የዘበኛ ኮፍያውን አስተካከለ። «የሄድኩበት ሽምግልና ሁሉ ልጅ መጠየቅ ነው። አሁን ምን ብለን እንጀምራለን? ‹ወንድ ልጃችሁን ለሴት ልጃችን›?»

«እንደሁልጊዜው ጀምሩ» አለች ዙልፋ። «ደንቡን ጠብቁ።»

ሦስቱ ሰዎች በግቢው መሐል አልፈው ከኒሙ ዛፍ ሥር ተሰለፉ። ሙሄ እየሠራ ነበር። አያቸውና ደንግጦ እግሩን ከጉድጓዱ ሊያወጣ ሲል ናጅዋ አጠገቡ ካለው ሰሌን ላይ፣ «ምን ሆነዋል?» አለች።

«ተቀመጡ እንጂ!» አለ ሙሄ። «ሀጂ፣ ምነው ቆሙ? ጋሽ ሽፈራው!»

«አንቀመጥም» አሉ ሀጂ ሱፍዋን። «ለነገር ነው የመጣነው። ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«ለነገር? ለማን?»

«ላንተ።»

ሙሄ ግራ ገባው። ወልደማርያም ጉሮሮውን ጠረገ። «ዙልፋ ልካን ነው። ልጅ ሊጠይቁ እንደሚሄዱት አንተን ልንጠይቅ መጣን። የሚያስነውር ነገር አለበት ካልክ ነውሩ የኛ ይሁን።»

ሙሄ መወርወሪያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።  ከዚያ፣ «ስንተኛዎቹ ናችሁ?» አለ። 

«ሦስተኛዎቹ ነን» አሉ ሀጂ ሱፍዋን። «የመጀመሪያዎቹንና ሁለተኛዎቹንማ ራስህ ልከሃል።»

ሽማግሌ ሲመጣ የምትጠየቀው ሴት ከጓዳ ተደብቃ ታዳምጣለች፤ ደንብ ነው። ዙልፋ ከማዕድ ቤቱ ወጣች። ሃያ ዐይን እያያት በጠራራው ፀሐይ ግቢውን አቋርጣ መጣችና ከሽማግሌዎቹ ጎን፣ ሙሄ ፊት ለፊት ቆመች። ሙሄ እግሩን ከጉድጓዱ አውጥቶ ተነሣና፣ «ነገራችሁ ተሰማ፤ ተቀመጡ» አላቸው።